ቃሉን አታሳዱት፣ በር ዝጉበት፦ ርዝመቱና ጥቂት ፊደሎቹ የታወቁ የእንግሊዝኛ ቃል አፈላለግ

ባለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ነበርኩ። መብራት ጠፍቷል። ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ብዙ ማብራራት አያስፈልገውም። ጋቢ ደርበን ከሰሉ ዙሪያ ተኮልኩለናል። የእህቴ ልጅ በስልክ መብራት አንድ ወረቀት እያየ ጭንቅላቱን ያካል።

"ጋሼ፣ አምስት ፊደል ነው። መሃሉ ኤ፣ መጨረሻው ቲ፣ ውስጡ ደግሞ አር አለ። ቡና ሳይፈጭ በፊት የሚደረግ ነገር ነው ይላል።"

እኔም ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመርኩ፣ ቃሉ ከዚያ ይወርድ ይመስል። እሱ "ግራይንድ" አለ። አምስት ፊደል ነው፣ አርም አለበት፣ ግን መሃሉ አይ ነው፣ መጨረሻው ዲ፣ ትርጉሙም መፍጨት። ኔትወርክ የለም፣ ስለዚህ ጉግልም የለም። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሁ ፈጠጥን፤ የሚያስቀው ነገር እህቴ እዚያው አጠገባችን ቡና እየቆላች ነበር፣ ጭሱ ዓይናችን ውስጥ እየገባ።

በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን በሥርዓት ስንሄድ ቃሉ በአምስት ደቂቃ ተገኘ። ያን ያደረግነውን ነው የምጽፍላችሁ። ለትምህርት ቤት ወረቀትም፣ ለክሮስወርድም፣ በፊደል ጠጠሮች ቃል ለሚሠራበት ለስክራብልም፣ ስልክ ላይ ለሚጫወቱት ወርድልም ይሠራል። ሐሳቡ አንድ ነው። መንዝ ውስጥ ሜዳ ላይ የተበተነ በግ እያሳደደ የሚይዝ እረኛ የለም፣ በየአቅጣጫው እየቆመ ወደ ጉረኖው ያጠበዋል እንጂ። ቃልም እንደዚያ ነው። ቃሉን ለማስታወስ አትታገሉ፣ መግቢያ መውጫውን ዝጉበት።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የእንግሊዝኛውን ፊደል እዚህ በስሙ ነው የምጠራው። ኤ ስል የመጀመሪያዋን ፊደል፣ ኢ ስል አምስተኛዋን፣ አይ ስል ዘጠነኛዋን ማለቴ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተምታቱባችሁ ሁሉም ነገር ይምታታል።

መጀመሪያ፦ ድምፅ ሳይሆን ፊደል ቁጠሩ

የእኛ ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ጥፋቱ ደግሞ የእኛ አይደለም። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አዝላ ነው የምትሄደው። "ባ" ብለን ስንጽፍ ጨርሰናል፤ እንግሊዝኛው ግን ቢ እና ኤ ብሎ ሁለት ቦታ ይይዛል። "ባናና" በእኛ ሦስት ነው፣ በእነሱ ስድስት። "ራዲዮ" በእኛ ሦስት፣ በእነሱ አምስት። "ደብረ ብርሃን" በእኛ ሰባት ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አሥራ አንድ።

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። የባሰው የማይነበብ ፊደል ነው። ጉልበት ለማለት "ኒ" ትላላችሁ፣ በእኛ አንድ ፊደል፤ አጻጻፉ ግን ኬ-ኤን-ኢ-ኢ ነው፣ አራት። "በኩል" የሚለው "ስሩ" ሁለት ይመስላል፣ ሲጻፍ ሰባት ነው፦ ቲ-ኤች-አር-ኦ-ዩ-ጂ-ኤች። "ቀጥ ያለ" የሚለው "ስትሬት" ስምንት ፊደል ነው። ሰልፍ የሚለው "ኪው" አምስት ነው፦ ኪው-ዩ-ኢ-ዩ-ኢ፣ አራቱ ፊደላት ከኋላ ቆመው ተራ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

ስለዚህ አንድ ቃል ወደ አእምሯችሁ ሲመጣ በጣታችሁ ድምፁን አትቁጠሩ። ጻፉት፣ ከዚያ ቁጠሩት። የእህቴ ልጅ ብዙ ትክክለኛ ቃላት የጣለው "አጭር ነው" እያለ ነበር።

አጻጻፉም ራሱ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። እዚያው ወረቀት ላይ "ቀለም" ለሚለው አምስት ሳጥን ብቻ ነበር የተሰጠው። ልጁ የሚያውቀው የእንግሊዞቹን አጻጻፍ ነው፣ ሲ-ኦ-ኤል-ኦ-ዩ-አር፣ ስድስት ፊደል። አሜሪካኖቹ ዩዋን አውጥተው በአምስት ይጽፉታል። "ወረቀቱ ተሳስቷል" ብሎ ሊያልፈው ነበር። ተጓዥ የሚለውም "ትራቨለር" በእንግሊዝ ኤል ተደግሞ ዘጠኝ ነው፣ በአሜሪካ ስምንት። ፕሮግራም በእንግሊዝ አጻጻፍ ዘጠኝ፣ በአሜሪካ ሰባት። አንድ ፊደል ተርፎ ወይም ጎድሎ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ሁለተኛ፦ ሳጥኑን ሥሩ፣ ከሥሩ ሦስት መስመር ጻፉ

ወረቀት ያዙ። በጭንቅላት አይሆንም፣ እመኑኝ። በቃሉ ርዝመት ልክ ሰረዝ አስምሩና የምታውቁትን ፊደል ቦታው ላይ አስገቡ። ከሥሩ ሦስት ነገር ጻፉ፦ አለ ግን ቦታው የማይታወቅ፣ አለ ግን እዚህ ቦታ የማይሆን፣ ጭራሽ የሌለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጽፎ ይቀመጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በር የሚዘጉት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ቦታው ያልታወቀውን ፊደል በየባዶው ቦታ በተራ እያስገባችሁ ለየብቻ መስመር ጻፉ። በእኛ ጉዳይ ሦስተኛው ኤ፣ አምስተኛው ቲ ነው። አር የምትገባው አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም አራተኛ ላይ ብቻ ነው። አለቀ፣ ሦስት መስመር። ከመላው እንግሊዝኛ ወደ ሦስት ጠባብ መንገድ ወረድን ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ አስቸጋሪውን ፊደል አስቀድሙ

ኢ ያለበት ቃል ፈልግ ብትባሉ ምንም አልተነገራችሁም። ኢ የትም አለች። በእንግሊዝኛው ስክራብል ካሉት 100 ጠጠሮች 12ቱ ኢ ናቸው፣ ኤ እና አይ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ኦ ስምንት። ኪው፣ ዜድ፣ ጄ፣ ኤክስ እና ኬ ግን አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ኪው እና ዜድ አሥር አሥር ነጥብ የሚያሰጡት፣ ኢ አንድ ነጥብ ብቻ የምታሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ፊደልን በነጥብና በሰረዝ ምልክት የሚልከው የሞርስ ቴሌግራፍም ይህን ያውቃል፤ ኢ አንድ ነጥብ ብቻ ናት፣ ቲ አንድ ሰረዝ፣ ብዙ የሚላከው ቶሎ እንዲላክ።

ስለዚህ ከተሰጧችሁ ፊደላት ውስጥ ብርቅ የሆነችዋን ያዙ። ብርቅ ፊደል ጠባይዋ የታወቀ ነው።

ኪው ካለች ቀጥሎ ዩ ናት ብላችሁ ጻፉ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምትሳሳቱት። ቪ ቃል መጨረሻ ላይ መቆም አትወድም፤ መስጠት፣ መኖር፣ መውደድ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ከቪ በኋላ ኢ የሚጨምሩት ለዚያ ነው። እና ከመጨረሻ ሁለተኛዋ ቪ ከሆነች መጨረሻው ኢ የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። ጄም መጨረሻ ላይ አትቆምም ማለት ይቻላል። ኤክስ ቃል መጀመሪያ ላይ እምብዛም አትገኝም፣ መሃል ወይም መጨረሻ ፈልጓት። ሲ እና ኬ ተከታትለው ቃል አይጀምሩም፣ ኤን-ጂም እንዲሁ፤ ሁለቱም ግን መጨረሻ ላይ ሞልተዋል።

ሌላ ጠቃሚ ነገር፦ ቃሉ በሦስት ተነባቢ ድምፅ ከጀመረ የመጀመሪያው ኤስ ነው። ስትሪት፣ ስፕሪንግ፣ ስክሪን። በሦስት ፊደል ጀምሮ ኤስ ከሌለበት ደግሞ ሁለተኛዋ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ኤች ናት፣ ስሪ የሚለው ቁጥር ሦስት ላይ እንዳለው ቲ-ኤች-አር።

አናባቢ አልገኝ ካለ ዋይን አስታውሱ። ስካይ እና ጂም አናባቢያቸው ዋይ ናት። ሪትም የሚለው ስድስት ፊደል ይዞ ከአምስቱ አናባቢዎች አንድም የለበትም፦ አር-ኤች-ዋይ-ቲ-ኤች-ኤም።

አራተኛ፦ አጥንቱን ያዙ፣ አናባቢውን አፍስሱበት

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆን ጥቅም አለው። እኛ ስ-ብ-ር ከተባልን ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብር፣ ሰባሪ እያልን አናባቢውን ለመቀያየር አንቸገርም፣ ከልጅነታችን የለመድነው ነው። እንግሊዝኛው እንደ አማርኛ ሥር የለውም፤ ትርጉሙም አብሮ አይሄድም። ግን ለመፈለጊያ ዘዴነት ፍጹም ነው።

ፒ እና ቲ ተሰጧችሁ እንበል፣ ሦስት ፊደል፣ መሃሉ ባዶ። አምስቱን አናባቢዎች በተራ አስገቡ፦ ፓት፣ ፔት፣ ፒት፣ ፖት፣ ፑት። አምስቱም ቃል ናቸው። ቢ እና ጂ ብትወስዱም አምስቱም ይወጣሉ፦ ባግ፣ ቤግ፣ ቢግ፣ ቦግ፣ በግ። (የመጨረሻው ትኋን ነው እንጂ በግ እንዳይመስላችሁ።)

ረዘም ሲልም ያው ነው። አምስት ፊደል፣ በደብሊው የሚጀምር፣ በኢ የሚያልቅ፣ አር እና ቲ ያሉበት። ደብሊው-አር፣ ባዶ፣ ቲ-ኢ ብላችሁ ባዶው ላይ አናባቢ አፍስሱ። አይ ስትገባ "መጻፍ"፣ ኦ ስትገባ "ጻፈ"። ሁለቱም ተገኙ።

አንድ አናባቢ ካልበቃ ጥንድ ሞክሩ። ኢ-ኤ፣ ኦ-ኤ፣ ኤ-አይ፣ ኦ-ዩ፣ ኢ-ኢ፣ ኦ-ኦ። እነዚህን ስድስት ጥንዶች ወረቀታችሁ ጥግ ላይ ጻፏቸው፣ ብዙ ጊዜ ያወጧችኋል።

እንግዲህ ቡናችን

ሦስት መስመር ነበረን። የቀለለውን መጀመሪያ እንውሰድ፣ አር አራተኛ ላይ ስትሆን። መጨረሻው ኤ-አር-ቲ ነው፣ ፊቱ ሁለት ባዶ። ፊት ላይ የሚገቡ ጥንዶችን ስንሞክር ቻርት፣ ስታርት፣ ስማርት፣ አፓርት፣ ልብ የሚለው ሃርት፣ ኳርት ወጡ። ስድስት ቃል። አንዱም ቡና አይነካም።

አር ሁለተኛ ላይ ስትሆን ፊቷ የሚቆሙት ጥቂት ናቸው፦ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ፒ፣ ቲ፣ ደብሊው። በየተራ ሞከርናቸው። ክራፍት፣ ድራፍት፣ ግራፍት፣ ግራንት፣ ትራክት፣ ትሬት መጡ። ድራፍትን ልጁ ነው ያገኘው፣ ከቢራ ቤት ማስታወቂያ ላይ። እናቱ ገላመጠችን።

የቀረው አር አንደኛ ላይ የምትሆንበት ነው። እዚህ ጋ ነው በሩ ጥርቅም የሚለው። ከአር ቀጥሎ ሌላ ተነባቢ አይመጣም፣ አልፎ አልፎ ከምትመጣው ኤች በቀር። ስለዚህ ሁለተኛው ቦታ አናባቢ መሆን አለበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ኤ ነው። በኤ የሚያልቅ ጥንድ ከጥጉ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ብቻ ነው፦ ኢ-ኤ እና ኦ-ኤ። ኢ-ኤን ስናስገባ ሪአክት ወጣ። ኦ-ኤን ስናስገባ አር-ኦ-ኤ፣ ባዶ፣ ቲ። ልጁ ባዶውን እያየ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ አንቀሳቀሰና "ሮስት!" ብሎ ጮኸ። መቁላት። እህቴ "ምን ሆነ?" ብላ የቡና መቁሊያውን ይዛ ዞር አለች።

በነገራችን ላይ ከዚህ መጀመር ነበረብን። ከሦስቱ መስመሮች በጣም ጠባቡ ይሄ ነበር፣ እኛ ግን በለመድነው በኩል ሄድን። እናንተ መስመሮቹን ከጻፋችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልከቷቸውና ጥቂት አማራጭ ያለው የትኛው ነው ብላችሁ ከዚያ ጀምሩ።

ረጅም ቃል ሲሆን ከጅራቱ

ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ፊደል ሲሆን ከፊት መሄድ ያደክማል። ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ቅጥያ አለው። አይ፣ ኤን እና ጂ ከተሰጧችሁ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን ካሉ "ሽን" ብሎ የሚያልቅ ቃል ነው ብላችሁ ጀምሩ። ኤል እና ዋይ ካሉ መጨረሻው ኤል-ዋይ ሳይሆን አይቀርም። ኢ-ዲ፣ ኢ-አር፣ ኢ-ኤስ-ቲም አሉ። ቅጥያውን ስትቆርጡት ዘጠኝ ፊደል የነበረው ስድስት ወይም አምስት ይሆናል፣ እሱን ደግሞ አሁን ታውቁበታላችሁ። ፍንጩ ብዙ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ያለ ብዙ ማሰብ መጨረሻው ላይ ኤስ።

ኔትወርክ ሲመጣ

መዝገበ ቃላት የሚረዳው የመጀመሪያውን ፊደል ካወቃችሁ ብቻ ነው። መሃሉን ወይም መጨረሻውን ብቻ ካወቃችሁ ገጽ ስታገላብጡ ትመሻላችሁ።

ዋንሉክ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ያላወቃችሁትን እያንዳንዱን ፊደል በ ? ትተኩታላችሁ። የእኛን ቡና ለመፈለግ ሁለት ? ከዚያ ኤ፣ አንድ ? ከዚያ ቲ ትጽፋላችሁ። ርዝመቱን የማታውቁት ከሆነ * ስንትም ፊደል ይወክላል። አናባቢ መሆኑን ብቻ ካወቃችሁ @፣ ተነባቢ ከሆነ #። የሌሉትን ፊደላት ለማስወጣት መጨረሻው ላይ - አድርጋችሁ ፊደላቱን ትደረድራላችሁ። ከሁሉ ደስ የሚለው ከቅርጹ በኋላ : አድርጋችሁ በእንግሊዝኛ አንድ የትርጉም ቃል መጨመር መቻላችሁ ነው፤ ቅርጹንም ትርጉሙንም አብሮ ይፈልጋል።

ኔትወርክ የማያስተማምን ቦታ ላላችሁ፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ ሌላ መላ አለ። ኔትወርክ ያለ ቀን የቃላት ዝርዝር ፋይል አውርዳችሁ ኤክሴል ላይ በአንድ አምድ አስቀምጡ። አጠገቡ ሌን በሚባለው ቀመር የየቃሉን ርዝመት አስቆጥሩ። ከዚያ ፊልተር አድርጋችሁ ርዝመቱን አምስት በሉት፤ በቃሉ አምድ ላይ ደግሞ ያንኑ የ ? አጻጻፍ ተጠቀሙ፣ ኤክሴልም ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ግድ የላችሁም።

ግን ዝርዝሩ ማንም የማይናገራቸው ቃላት እንዳሉበት ዕወቁ። የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ እንግዳ ቃል ጽፎ መምህር ጋ ከመከራከር ትርጉሙን አይቶ መጻፍ ይሻላል።

ለወርድል ሰዎች

ወርድልን የሠራው ጆሽ ዋርድል ነው፣ ኒውዮርክ ታይምስ በጥር 2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ገዛው። አምስት ፊደል፣ ስድስት ሙከራ። አረንጓዴ ቦታዋን ያገኘች፣ ቢጫ ያለች ግን ቦታዋ ያልሆነ፣ ግራጫ የሌለች። ከላይ የሠራነው ሳጥንና ከሥሩ የጻፍናቸው መስመሮች ማለት ናቸው፣ ቀለም ተቀብተው።

አንድ ወጥመድ ብቻ ላሳያችሁ። መጨረሻዎቹ አራት ፊደላት አይ-ጂ-ኤች-ቲ ሆነው ሁሉም አረንጓዴ ሲበሩ ሰው ይደሰታል። አትደሰቱ። ኤይት፣ ፋይት፣ ላይት፣ ማይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ሳይት፣ ታይት፣ ስምንት የተለመዱ ቃላት አሉ፣ ሙከራ ደግሞ ሦስት ቀርቷችሁ ይሆናል። አንድ በአንድ ከሞከራችሁ ጨዋታው ሊያልቅባችሁ ይችላል።

መላው ሆን ብሎ የማይሆን ቃል መጻፍ ነው። "ፊልምስ" ብላችሁ ጻፉ፦ ኤፍ-አይ-ኤል-ኤም-ኤስ። በአንድ ሙከራ አራት በር አንኳኳችሁ። ከኤፍ፣ ከኤል፣ ከኤም፣ ከኤስ አንዷ ከበራች መልሱ እሷ ናት። አራቱም ግራጫ ከሆኑ "ኢንተር" ጻፉ፦ ኢ-ኤን-ቲ-ኢ-አር። ከኢ፣ ከኤን፣ ከአር አንዷ ከበራች ተገኘ፣ ካልበራች የቀረው ቲ ብቻ ነው። ስምንቱም ቃላት በሦስት ሙከራ ውስጥ ገቡ። የተገኘውን ፊደል በየሙከራው የግድ የሚያስጽፈውን ሃርድ ሞድ አብርታችሁ ከሆነ ግን ጨዋታው ይህን አይፈቅድላችሁም።

እጃችሁን ማሟሻ ይኸውና። ስድስት ፊደል፣ በኬ የሚጀምር፣ ጂ፣ ኤች እና ቲ ያሉበት፣ ስትሉት "ናይት" የሚመስል ግን ሌሊት ያልሆነ። ፈረሰኛ ነው፣ ኬ-ኤን-አይ-ጂ-ኤች-ቲ፣ ከሌሊቱ የሚለየው ፊቱ ላይ ባለችው በማትነበበው ኬ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፦ አምስት ፊደል፣ በኤስ-ቲ የሚያልቅ፣ ኦ እና አር ያሉበት። ቢያንስ አራት ቃል ታገኛላችሁ፣ አንዱ ያው የቡናው ሮስት ነው። እኔ የምፈልገው ግን ሌላውን ነው። ፍንጩ፦ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ደብረ ብርሃን ሳሩ ላይ ነጭ ሆኖ የምታገኙት። እዚያ ያደገ ሰው ገና ፍንጩን ሲያነብ ይበርደዋል።